በረንዳው ከመሠረቱ ጋር ይታሰብ

ቤት የሚሠራ ሰው ከሁሉ አስቀድሞ የሚያስበው ስለ መሠረቱ፥ ስለ ግድግዳውና ስለ ጣሪያው ነው። ቀጥሎም ሳሎኑ ስንት እንግዳ እንደሚይዝ፥ መኝታ ቤቱ ስንት እንደሚሆን፥ ዕቃ ቤቱ በየት በኩል እንደሚከፈት ከግንበኛው ጋር ይመክራል። በረንዳው ግን ከሁሉ በኋላ የሚታሰብ፥ ከተረፈው ሲሚንቶና ከተረፈው ቈርቈሮ የሚቀጠል ነገር ሆኖ ይቀራል። ይሁን እንጂ ቤቱ ካለቀ በኋላ ባለቤቱ ከሥራው ሲመለስ የሚያርፈው፥ እንግዳውን የሚቀበለው፥ ቡናውን የሚጠጣውና ከጎረቤቱ ጋር የሚጨዋወተው በዚሁ በመጨረሻ በታሰበው ስፍራ ላይ ነው። ሰው አብዛኛውን ምሽቱን የሚያሳልፍበት ክፍል ያለ ዕቅድ መሠራቱ ሊታረም የሚገባው ልማድ ነው።

ይህ ጉዳይ በተለይ በወልቂጤና በቡታጅራ አዲስ ቤት የሚያሠራውን ነጋዴ ይመለከታል። ወልቂጤ ከአዲስ አበባ ወደ ጅማ በሚወስደው መንገድ ላይ ወደ 155 ኪሎ ሜትር ርቃ ትገኛለች። ቡታጅራ ደግሞ ወደ ሆሳዕና በሚወስደው መንገድ ላይ ወደ 130 ኪሎ ሜትር ርቃ የተቈረቈረች ናት። ዛሬ ወልቂጤ የጉራጌ ዞን፥ ቡታጅራም የምሥራቅ ጉራጌ ዞን ዋና ከተሞች ናቸው። በሁለቱም ከተሞች የብሎኬት ቤቶች በየመንደሩ ይነሣሉ፤ ከነዚህም ብዙዎቹ ባለቤታቸው በአዲስ አበባ ወይም በሌላ ከተማ ነግዶ ባገኘው ገንዘብ ለአገሩ ማረፊያ ብሎ የሚያሠራቸው ናቸው። የጉራጌ ነጋዴ ባገኘው ሀብት አገሩን ማሰቡ ጥንት የታወቀ ነው። በ1950ዎቹ ዓመተ ምሕረት የአካባቢው ተወላጆች ገንዘባቸውን አዋጥተው ለአገራቸው መንገድ የሚያሠራ ማኅበር ማቋቋማቸው ለሌላው ሁሉ ምሳሌ ሆኖ ሲነገር ይኖራል። መንገዱ ከገባ ወዲህ ቈርቈሮው፥ ሲሚንቶው፥ ፌሮውና መስታወቱ ተከትሎ ገብቷል። እስካሁን በሚገባ ያልተከተለው የበረንዳው የሽቦ ወንፊት ነው።

በድሮው የጉራጌ መንደር ሰው የሚሰበሰበው በጀፎረው ላይ ነበር። ሰፊውና ሣር የለበሰው የመንደር ጎዳና ደስታም ኀዘንም፥ ሽምግልናም ጨዋታም የሚፈጸምበት የጋራ አደባባይ ነው። በየጓሮው እንሰት የከበበው ክብ ቤትም አንድ በር ብቻ ኖሮት በመካከሉ ምሰሶ ቆሞ፥ ምድጃው በውስጡ ይነድ ነበር። በከተማው ያለው አዲሱ ቤት ግን ጀፎረ የለውም። የአደባባዩን ፈንታ በጠባቡ የሚወጣው በረንዳው ነው። የከተማው ቤት መስኮቶቹ ብዙ ናቸው፤ በሩም እስከ ማታ ድረስ ክፍት ይውላል። አየርና ብርሃን መግባቱ መልካም ነው። ነገር ግን አየር በገባበት ትንኝም ይገባል።

የመስቀል ሰሞን

የመስቀል በዓል የሚውለው መስከረም 17 ቀን ነው። የጉራጌ ተወላጅ የትም አገር ቢነግድ ለመስቀል ከዘመዶቹ ጋር መገናኘትን እንደ ግዴታ ይቈጥረዋል። ሱቁን ዘግቶ፥ ሚስቱንና ልጆቹን ይዞ፥ ለአረጋውያን የሚሆን ልብስ ሸክፎ ወደ አገሩ ይገባል። ክትፎው ተበልቶ ካበቃ በኋላም ቤተ ዘመዱ በረንዳው ላይ ተቀምጦ ያመሻል።

በሌላ በኩል የወባ ዋናው ወራት የክረምቱ ዝናብ ካቆመ በኋላ ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ ያለው ጊዜ መሆኑ የታወቀ ነው። ዝናቡ ሲያባራ በየጉድጓዱና በየቦዩ የቀረው ውኃ ረግቶ በፀሐይ ይሞቃል፤ ትንኙም በዚያ ይፈለፈላል። እንግዲህ ነጋዴው ከነቤተሰቡ ወደ አገሩ የሚገባበት ሰሞንና የወባ ትንኝ የሚበዛበት ሰሞን አንድ ሆኖ ተገናኝቷል ማለት ነው። ከዚህም በላይ ከአዲስ አበባ የሚመጣው ሰው፥ በተለይም እዚያው የተወለደው ሕፃን፥ ወባ በማይበዛበት ደጋ የኖረ ስለሆነ ሰውነቱ በሽታውን አልተለማመደውም። በሽታው ከተናከሰ በኋላ የሚታየው አብዛኛውን ጊዜ ከ7 እስከ 14 ቀን ቈይቶ ነው። ስለዚህ ሰውየው ትኩሳት የሚይዘው ወደ አዲስ አበባ ተመልሶ በሱቁ መደርደሪያ ፊት ቆሞ ሳለ ይሆናል። የመንገዱ ድካም ነው ይላል፤ ብርድ መታኝ ይላል፤ በበረንዳው ላይ ያመሸውን ምሽት የሚያስታውስ የለም።

«አገራችን ወይና ደጋ ስለሆነ ወባ አይደርስበትም» የሚሉ አሉ። ይህ አነጋገር ብዙ ሰው አታልሏል። ወልቂጤ ከባሕር ወለል በላይ ወደ 1,900 ሜትር፥ ቡታጅራ ወደ 2,100 ሜትር ከፍታ አላቸው። እ.ኤ.አ. በ1958 በኢትዮጵያ የተነሣው ታላቅ የወባ ወረርሽኝ የተስፋፋው ከ1,600 እስከ 2,150 ሜትር ከፍታ ባላቸው ስፍራዎች ነበር፤ 3 ሚሊዮን ያህል ሰው እንደ ያዘና 150,000 ያህሉን እንደ ገደለ ተገምቷል። ሁለቱም ከተሞች በዚህ ልክ ውስጥ የሚገኙ ናቸው። በቡታጅራ ዙሪያ የተደረጉ የጤና ጥናቶችም ከ2,000 ሜትር በላይ ባሉ ቀበሌዎች ወባ መገኘቱን አረጋግጠዋል። ከወልቂጤ ወደ ጅማ ሲወረድ የሚገኘው የግቤ ሸለቆ ቈላነትም ለማንም የተሰወረ አይደለም። የዓለም ጤና ድርጅት እንዳስታወቀው እ.ኤ.አ. በ2024 ከዓመቱ መግቢያ እስከ ጥቅምት 20 ቀን ድረስ ባለው ጊዜ ብቻ በኢትዮጵያ ከ7.3 ሚሊዮን በላይ የወባ ሕሙማን ተመዝግበዋል፤ 1,157 ሰዎችም ሞተዋል። ስለዚህ ወባ የአያቶች ዘመን ወሬ ብቻ ነው ብሎ መተው አይቻልም።

አጎበርና ወንፊት

አጎበር ተዘርግቶ፥ መድኃኒት ተረጭቶ ሳለ ወንፊት ደግሞ ለምን ያስፈልጋል የሚል ጥያቄ ሊነሣ ይችላል። ጥያቄው ተገቢ ነው፤ መልሱም በሰዓቱ ላይ ነው። አጎበር የተኛውን ሰው ይጠብቃል፤ የተቀመጠውን አይጠብቅም። በዝዋይ አካባቢና በሌሎችም የኢትዮጵያ ስፍራዎች የተደረጉ ጥናቶች እንደሚያስረዱት የወባ ትንኝ ሰው እስኪተኛ ድረስ አትጠብቅም፤ ከምሽቱ 1 ሰዓት ጀምራ ትናከሳለች። ከምሽቱ 1 ሰዓት እስከ 4 ሰዓት ድረስ ደግሞ የቤቱ ሰው ሁሉ የሚገኘው በበረንዳውና በሳሎኑ ነው። አባት ከእንግዳው ጋር ይነጋገራል፤ እናት ቡና ታፈላለች፤ ልጆች በደጅ ይሯሯጣሉ። አጎበሩ በዚያ ሰዓት በመኝታ ቤት ብቻውን ተሰቅሎ ይገኛል። ስለዚህ ባለ ወንፊት በረንዳ የአጎበር ተቃዋሚ ሳይሆን አጎበር የማይደርስበትን ሰዓት የሚሸፍን ጓደኛው ነው።

ቤትን በወንፊት መከለል አዲስ ፈጠራም አይደለም። ሮናልድ ሮስ እ.ኤ.አ. በ1897 የወባ ተሐዋሲ በትንኝ ሰውነት ውስጥ መኖሩን ካሳየ ከ3 ዓመት በኋላ፥ በ1900፥ ሳምቦንና ሎው የተባሉ ሐኪሞች ወባ በጸናበት በሮማ አጠገብ ባለ ረግረግ አገር ወንፊት በለበሰች የእንጨት ቤት ውስጥ የወባውን ወራት ተቀመጡ። ቀን ቀን እንደ ልባቸው እየተዘዋወሩ ፀሐይ ሳትጠልቅ ወደ ቤቲቱ ይገቡ ነበር፤ አንዳቸውም በወባ አልታመሙም። ከ1904 እስከ 1914 የፓናማ ቦይ ሲቈፈርም በዶክተር ጎርጋስ ምክር የሠራተኞቹ ቤቶች ከነበረንዳቸው በወንፊት ተከልለው ነበር።

የቅርቡ ዘመን ምርመራም ይህንኑ ይመሰክራል። በጋምቢያ በ500 ያህል ቤቶች ተደርጎ በ2009 በታተመው ጥናት፥ ወንፊት ባልተደረገላቸው ቤቶች ከሚኖሩት ሕፃናት 19 በመቶው ደም ሲያንሳቸው፥ ወንፊት በተደረገላቸው ቤቶች ግን ይህ ቁጥር ወደ 12 በመቶ ወርዶ ተገኝቷል። በአገር ውስጥም በአርባ ምንጭ አካባቢ በ40 ቤቶች ተደርጎ በ2013 የታተመው ጥናት፥ በርና መስኮትን በወንፊት መከለል በቤት ውስጥ የሚገኘውን የወባ ትንኝ በ40 በመቶ እንደ ቀነሰ ገልጿል። የዓለም ጤና ድርጅትም በ2021 ባወጣው መመሪያ የመኖሪያ ቤትን በወንፊት መከለል ከሚመከሩት ዘዴዎች መካከል አግብቶታል። አርባ በመቶ መቶ በመቶ አለመሆኑን ማስተዋል ይገባል፤ በመሆኑም ወንፊት ያለው ሰው አጎበሩን አይጥልም፤ ትኩሳት ሲሰማውም ወደ ሐኪም መሄዱን አይተውም። እነዚህ ጥናቶች የተደረጉት በበርና በመስኮት ላይ ነው፤ ነገር ግን እስከ ማታ ክፍት የሚውለው ትልቁ በርና በፊት ለፊት ያሉት መስኮቶች የሚከፈቱት ወደ በረንዳው ነው። በረንዳውን የከለለ ሰው በአንድ ሥራ እነዚህን ሁሉ ከለለ ማለት ነው።

ስለሚነሡት ተቃውሞዎች

የመጀመሪያው ተቃውሞ የመልክ ነው። «ወንፊት ቤቱን የዶሮ ቤት ያስመስለዋል፤ እንግዳም የተገፋ ይመስለዋል» ይባላል። ነገር ግን ይህን የሚሉት ብዙዎቹ ሌባን ፈርተው በረንዳቸውን ከላይ እስከ ታች በብረት ፍርግርግ ያጠሩ ናቸው። ለሌባ ሲሉ ብረት ያጠሩ ሰዎች ለልጆቻቸው ጤና ሲሉ ከብረቱ ይልቅ እጅግ የቀጠነ ሽቦ ቢጨምሩ ነውር ሊሆን አይችልም። ደህና ሆኖ የተወጠረ ወንፊት ከሩቅ አይታይም፤ በውስጥ የተቀመጠው ሰው መንገደኛውን ያያል፤ ሰላምታም ይለዋወጣል። የሚያስጠላው ተጨማድዶ በምስማር የተቸነከረ ወንፊት ነው፤ ይህም የሚሆነው ሥራው ቤቱ ካለቀ በኋላ በጥድፊያ ሲሠራ ነው።

ሁለተኛው ተቃውሞ የገንዘብ ነው። ነጋዴ ወጪውን መመርመሩ ተገቢ ነው፤ ነገር ግን ሲመረምር ሁለቱንም የመዝገብ ዓምድ ይመልከት። በአንደኛው ዓምድ የአንድ ጥቅል ወንፊት፥ የእንጨቱ፥ የአናጢው ዋጋ ይጻፋል። በሁለተኛው ዓምድ ባለ ሱቁ በመስቀል ማግሥት ለአንድ ሳምንት ሲተኛ የተዘጋው ሱቅ፥ የሐኪምና የመድኃኒት ወጪ፥ አስታማሚ ሆኖ ከሥራው የቀረው ወንድም፥ ከትምህርቱ የቀረው ልጅ ይጻፋል። የመጀመሪያው ዓምድ አንድ ጊዜ ይከፈላል፤ ሁለተኛው ግን በየዓመቱ ሊመለስ ይችላል። የሕፃን ሕይወት ደግሞ በየትኛውም ዓምድ የሚጻፍ ዋጋ የለውም።

ሦስተኛው ተቃውሞ የአየር ነው። ወንፊት ነፋስን በመጠኑ እንደሚቀንስ እውነት ነው። ስለዚህ ባለ ወንፊት በረንዳ ከተራው በረንዳ ይልቅ ሰፋ ያለ ክፍት ሊኖረው፥ ቢቻልም ከሦስት ጐን አየር ሊያገኝ ይገባል። ይህን ማድረግ የሚቻለው ግን ግድግዳው ከመነሣቱ በፊት ነው።

ስለ አሠራሩ

«ድስት ጥዶ ከማልቀስ አስቀድሞ መጥኖ መደቆስ» እንዲሉ፥ ቤቱ በወረቀት ላይ ሳለ ሊወሰኑ የሚገባቸው ነገሮች አሉ።

ከሁሉ አስቀድሞ የሚወሰነው አቅጣጫው ነው። ወደ ምዕራብ የዞረ በረንዳ ከቀትር በኋላ ፀሐይ ይመታዋል። ዝናብ ከየት እንደሚገፋ ደግሞ ከባለ ሙያው ይልቅ ጎረቤቱ ያውቃልና ጎረቤትን መጠየቅ ይጠቅማል። ጣሪያው ከበረንዳው ጠርዝ ወደ ውጭ 60 ሴንቲ ሜትር ያህል ቢያልፍ ዝናቡ ወንፊቱንና እንጨቱን እንዳይመታ ይከላከላል፤ አሸንዳም ቢደረግለት ውኃው በደጁ ጉድጓድ አይቈፍርም።

ቀጥሎ የሚወሰነው ስፋቱ ነው፤ ብዙ ገንዘብ በከንቱ የሚጠፋውም በዚህ ነው። የሽቦ ወንፊት የሚሸጠው በጥቅል ነው፤ ወርዱም የተወሰነ ነው። ለምሳሌ ወርዱ 1 ሜትር ከ20 ሴንቲ ሜትር፥ ርዝመቱ 30 ሜትር የሆነ ጥቅል ለመግዛት የታሰበ እንደ ሆነ፥ የበረንዳው ቋሚዎች ከመካከል እስከ መካከል ሲለኩ በየ1 ሜትር ከ20 መቆም ይገባቸዋል። የቋሚው ውፍረት 8 ሴንቲ ሜትር ቢሆን በሁለቱ ቋሚዎች መካከል ያለው ክፍት 1 ሜትር ከ12 ይሆናል፤ ወንፊቱም በግራና በቀኝ 4 ሴንቲ ሜትር በእንጨቱ ላይ ያርፋል። ቋሚዎቹ በየ1 ሜትር ከ50 ቢቆሙ ግን ወንፊቱ አይደርስም፤ በመካከል መቀጠል ያስፈልጋል፤ ቅጥሉም ከሁሉ አስቀድሞ የሚከፈት የትንኝ በር ይሆናል።

በዚሁ ልክ የፊቱ ርዝመት 6 ሜትር፥ ጥልቀቱ 2 ሜትር ከ40 የሆነ በረንዳ ቢታሰብ ከፊት 5፥ ከሁለቱ ጐን ሁለት ሁለት፥ በጠቅላላው 9 ክፍሎች ይወጡታል። ከታች 60 ሴንቲ ሜትር የግንብ ከለላ ተሠርቶ ከላይ 2 ሜትር ከ10 ወንፊት ቢሆን፥ ለመታጠፊያው 20 ሴንቲ ሜትር ተጨምሮ ለ8ቱ ክፍሎች 18 ሜትር ከ40 ይበቃል። ለበሩና ከበሩ በላይ ላለው ክፍት 3 ሜትር ቢመደብ ድምሩ 21 ሜትር ከ40 ይሆናል። ከአንዱ ጥቅል የሚተርፈው 8 ሜትር ከ60 ለመኝታ ቤቱና ለወጥ ቤቱ መስኮቶች ይውላል። እንዲህ አስቀድሞ የተቈጠረ እንደ ሆነ አንድ ጥቅል ይበቃል፤ ያልተቈጠረ እንደ ሆነ ሁለት ጥቅል ተገዝቶም ላይበቃ ይችላል።

የግንቡ ከለላ ሁለት ጥቅም አለው። ፍየልና ሕፃን ወንፊቱን በእግር እንዳይመቱት ይጠብቃል፤ እንጨቱም ከምድር ርቆ ስለሚቆም ምስጥ በቀላሉ አያገኘውም። እንጨቱን በሚመለከት ባሕር ዛፍ በጉራጌ አገር እንደ ልብ ይገኛል፤ ነገር ግን እርጥቡን ቈርጦ ወዲያው ክፈፍ መሥራት ትልቅ ስሕተት ነው። እርጥብ ባሕር ዛፍ ሲደርቅ ይጣመማል፤ ይሰነጠቃል፤ ወንፊቱም አብሮት ይላላል። መሠረቱ ሲቈፈር እንጨቱ ተቈርጦ በጥላ ሥር ቢደረደር፥ ግድግዳውና ጣሪያው እስኪያልቅ ድረስ ይደርቃል። ይህም በረንዳው ከመሠረቱ ጋር መታሰብ እንዳለበት አንድ ማስረጃ ነው። ወንፊቱም በቋሚው ላይ በቀጥታ ከሚቸነከር በየክፍሉ በሞራሌ በተሠራ ክፈፍ ላይ ተወጥሮ ክፈፉ በብሎን ቢታሰር ይሻላል፤ አንዱ ቢቀደድ እርሱን ብቻ ፈትቶ ማደስ ይቻላልና። የመንገድ አቧራ የወንፊቱን ቀዳዳ ስለሚደፍን በየጊዜው በውኃና በለስላሳ ብሩሽ ማጠብም አይዘነጋ።

በሩ ወደ ውጭ የሚከፈት፥ በሞላ ራሱ የሚዘጋ ይሁን። በሰው ትዝታ የሚዘጋ በር በመስቀል ሰሞን ሲከፈት ያመሻል። የታችኛው ክፍል በጣውላ፥ የላይኛው በወንፊት ቢሆን ይጸናል፤ በበሩና በደፉ መካከል ያለው ክፍተትም ከወንፊቱ ቀዳዳ መብለጥ የለበትም። ወለሉ ወደ ውጭ በጥቂቱ ዘንበል ይበል፤ ለ2 ሜትር ከ40 ጥልቀት 5 ሴንቲ ሜትር ይበቃል፤ ውኃ የሚወጣባት ቀዳዳም ወንፊት ትልበስ።

ብዙ ሰው የሚዘነጋው ግን ላይኛውን ነው። የቈርቈሮ ማዕበል በግድግዳውና በጣሪያው መካከል ተራ በተራ ቀዳዳ ይተዋል፤ ትንኝም በፊት ለፊት ሲዘጋባት በዚያ ትገባለች። ስለዚህ የበረንዳው ጣሪያ ከሥሩ በኮርኒስ ይዘጋ፤ ወይም ቀዳዳው በተቈረጠ ወንፊት ይደፈን። ከታች ብቻ የተከለለ በረንዳ ግማሽ ሥራ ነው።

በመጨረሻም ግንቡ ሲሠራ የተቈፈረው የውኃ ማቈሪያ ሥራው ሲያበቃ ወዲያው ይደፈን፤ ውኃ የሚጠራቀምበት በርሜልም ክዳን አይለየው። እ.ኤ.አ. በ2016 በኢትዮጵያ መኖሩ የታወቀውና ከውጭ የገባው አኖፌለስ ስቴፈንሲ የተባለ የወባ ትንኝ በከተማ በርሜልና በግንባታ ጉድጓድ የሚራባ ነው፤ በ2022 በድሬዳዋ ለተነሣው የወባ ወረርሽኝም ምክንያት መሆኑ ተደርሶበታል። ትንኝን በጓሮ እያረቡ በፊት ለፊት በወንፊት መከላከል ከንቱ ድካም ነው።

የነጋዴው ድርሻ

እስካሁን የተነገረው ሁሉ የቤቱን ባለቤት የሚመለከት ነው። ነገር ግን ባለቤቱ በሱቅ ያላገኘውን ዕቃ በቤቱ ሊያደርግ አይችልም። እዚህ ላይ የአስመጪውና የባለ ሱቁ ኀላፊነት ይጀምራል።

በብዙ ሱቆች «ወንፊት» የሚለው አንድ ስም ለልዩ ልዩ ዕቃዎች ይሰጣል። የአሸዋ መንፊያም ወንፊት ነው፤ የዶሮ ሽቦም ወንፊት ይባላል፤ የትንኙም ወንፊት ነው። ገዢው ልዩነቱን ስለማያውቅ ርካሹን ይወስዳል፤ ቀዳዳው ሰፊ የሆነውን ወንፊት ተክሎ ወባ ሲይዘውም «ወንፊት አይጠቅምም» ብሎ ለጎረቤቱ ይናገራል። በዚህም አንድ የተሳሳተ ሽያጭ ዐሥር ትክክለኛ ሽያጮችን ያስቀራል። ለትንኝ የሚሆነው ወንፊት በአንድ ኢንች፥ ማለት በ2 ሴንቲ ሜትር ተኩል ውስጥ፥ ከ16 እስከ 18 ቀዳዳ ያለው፥ የቀዳዳውም ስፋት ወደ 1.2 ሚሊ ሜትር የሆነ ነው። ይህን ለማወቅ ማስመሪያና ጥሩ ዓይን ብቻ ይበቃል። ባለ ሱቁ ማስመሪያ በመደርደሪያው ላይ አስቀምጦ በገዢው ፊት ቢቈጥር ሁለቱም ይጠቀማሉ።

የወንፊቱም ዓይነት ተለይቶ ይነገር። ዚንክ የተቀባው የብረት ሽቦ ርካሽ ነው፤ ቅቡ ሲለቅ ግን በክረምቱ እርጥበት ይዝጋል። አሉሚኒየም አይዝግም፤ ነገር ግን ለስላሳ ስለሆነ ሲጫኑት ይጐደጉዳል፤ ከብረት ክፈፍ ጋር በእርጥበት ሲነካካም ይበላል። ፋይበር ግላስ የሚባለው አይዝግም፥ ለመወጠርም ይቀላል፤ ይሁን እንጂ የድመት ጥፍር ይቀደዋል፥ የከሰል ፍምም ያቃጥለዋል፤ ስለዚህ የቡናው ምድጃ ከእርሱ ራቅ ይበል። የማይዝገው ብረት ከሁሉ ይጸናል፤ ዋጋውም ከሁሉ ይከብዳል። እያንዳንዱ ገዢ እንደ አቅሙ ይመርጥ ዘንድ ሻጩ የሁሉንም ጠባይ ሳይደብቅ መናገር አለበት።

ከአስመጪው የሚጠበቀው ደግሞ ዕቃውን ሲያዝ «ወንፊት፥ ይህን ያህል ጥቅል» ብሎ ብቻ አለመጻፉ ነው። የቀዳዳው ቁጥር፥ የሽቦው ውፍረት፥ የጥቅሉ ወርድና ርዝመት በትእዛዙም በደረሰኙም ላይ ይጻፍ። የወልቂጤና የቡታጅራ ባለ ሱቆች እያንዳንዳቸው ሁለትና ሦስት ጥቅል ብቻ ስለሚፈልጉ ትልቁ አስመጪ ላያስባቸው ይችላል፤ ነገር ግን ተሰብስበው በአንድ ትእዛዝ ቢያዝዙ ዋጋውም ይቀንሳል፥ ዓይነቱም አንድ ወጥ ይሆናል። ጥቅሉ የሚመጣበት ወርድ ከታወቀ ግንበኛውና አናጢውም ቋሚውን በዚያው ልክ ይተክላሉ። እንዲህ ያለውን ትእዛዝ ማስተባበር የንግድ ምክር ቤቶች ከተቋቋሙበት ዓላማ ጋር የሚስማማ ሥራ ነው።

ጊዜውን በሚመለከት የግንባታው ወራት ክረምቱ ካለፈ በኋላ ስለሆነ፥ ለሚቀጥለው መስቀል የሚደርሰው በረንዳ መታሰብ ያለበት በዘንድሮው መስቀል ነው። ባለቤቱ ለበዓሉ አገሩ ገብቶ ግንበኛውን በሚያነጋግርበት ቀን የበረንዳውን ልክ በወረቀት ያስፍር፤ ባለ ሱቁም በኅዳርና በታኅሣሥ ትእዛዙን ይላክ፤ አናጢው በበጋው ክፈፉን ይሥራ። ከዚህ የዘገየ እንደ ሆነ ሥራው ወደ ክረምት ይገባል፤ ወንፊቱም እንደ ቀድሞው በጥድፊያ በምስማር ይቸነከራል።

የጉራጌ ነጋዴ ለአገሩ መንገድ ሲያዋጣ ያሰበው የሚመለስበትን ቀን ነው። ቤት ሲሠራም የሚያስበው ይህንኑ ነው። ወደ አገሩ የገባው ቤተሰብ በጤና ገብቶ በጤና እንዲመለስ ማድረግ ደግሞ የቤቱ ባለቤት፥ የግንበኛው፥ የአናጢው፥ የባለ ሱቁና የአስመጪው የጋራ ሥራ ነውና፥ ሁሉም ከየበኩሉ ከወዲሁ ሊያስብበት ይገባል።